ሁለት ዙር የላላ ፍሬን

ዱባለ በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኑ አድርጎት የማያውቀውን ነገር በዚያ የነሐሴ ቅዳሜ ጧት አደረገ፤ ደኅናውን ፍሬን አበላሸ።

አበላሸ ሲባል ሰበረ ማለት አይደለም። የሸሪኩን ልጅ የኢክላስን ብስክሌት ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለ፤ ጭቃውን ጠረገ፤ ካቴናውን ዘይት አጠጣ። ከዚያ በሩ ላይ ማንም አለመቆሙን አየና፣ የፊት ፍሬኑን ሸራ ወደ ዲስኩ የምታስጠጋዋን ትንሽ ቡሎን በብሩጎላ ቁልፍ ይዞ ሁለት ዙር ወደ ኋላ መለሳት። እጀታውን ጨበጠው። ቀድሞ በአንድ ጣት ቀጥ ያደርግ የነበረው ፍሬን አሁን የሚይዘው እጀታው መሪውን ሊነካ ሲል ነው፤ ያውም ለስሙ ያህል። ጎማውን አሽከረከረና ጆሮውን አስጠጋ። ድሮ የነበረችው ቀጭን ሹክሹክታ ጠፍታለች።

«ይቅር በለኝ» አለ፤ ለማን እንዳለው ለራሱም አልገባው።

ከመሳቢያው ቀይ ኩቴክስ አውጥቶ በቡሎኗ ራስ ላይ አንዲት ጠብታ አሳረፈ።

ጥገና ቤቱ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል ሲወርዱ በዳቦ ቤቱና በጣውላ መሸጫው መካከል የተሸጎጠ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዱባለ ሙያውን ከማንም አልተማረም፤ የልኬት መሣሪያም የለውም። ያለው ጆሮ ነው። የካቻቢቴውን እጀታ ከጆሮው ሥር አጥንቱ ላይ፣ ጫፉን የጎማው እምብርት ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ኩሽኔታው ደርቋል» ይላል። ይፈታል፤ ደርቆ ይገኛል። ሰውንም የሚሰማው እንዲሁ ነው፤ ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል፣ ከጨረሰ በኋላም ጥቂት ይጠብቀዋል።

ኩቴክሱን ያመጣው ሸሪኩ መህዲ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ዱባለ ቤቱን ይጠብቅ፣ እሑድ ጧት መህዲ ይከፍት ነበር። አንድ ደንበኛ ራሱ የነካካውን ብስክሌት ይዞ መጥቶ «ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ ሰፈሩን ሲያምስ ጊዜ፣ መህዲ ወደ ቤቱ ሮጠና የሚስቱን የሰዓዳን የጥፍር ቀለም ሰርቆ መጣ። ከዚያ ወዲህ አስተካክለው ያጠበቁት ቡሎን ሁሉ ራሱ ላይ አንዲት ቀይ ጠብታ አለችው። ሌላ እጅ ከነካው ጠብታዋ ትሰነጠቃለች። ካልተሰነጠቀች ግን ተጠያቂው ዱባለ ነው። ከቀራንዮ እስከ ዘነበወርቅ ያችን ጠብታ የሚያውቅ ሁሉ ቁልቁለት ላይ ሳይሰጋ ይለቃል።

በዚያች ጠብታ ሥር ነው እንግዲህ ውሸት ያኖረው።

መህዲ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ኩላሊቱን ታሞ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የዱባለን እጅ ይዞ «ልጄን አደራ» ብሎታል። ሌላም ሌላም ነገር አጉተምትሞ ነበር፤ ዱባለ ግን ከ«አደራ» በኋላ ያለውን ልብ አላለውም። አደራ ብቻውን ለአንድ ሰው ጫንቃ በቂ ነው። ኢክላስ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አሁን ሃያ ሞልቷት ነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ትማራለች። ልቧ ያለው ግን ከአስኮ በላይ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ነው፤ ፍየል እንኳ አስባ በምትወርደው የድንጋይ መንገድ እሷ በብስክሌት ትወርዳለች። ወጨጫ ላይ ለሚደረግ የተራራ ውድድር ተመዝግባለች፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው መንገድ ላይ፣ «መሰላል» ብለው የሚጠሩት ባለ አምስት ደረጃ ድንጋይ ላይ፣ የፊት ፍሬኑን ባንዴ ጨበጠችውና በመሪው ላይ ተሻግራ በረረች። አገጯ ተሰፋ። በማግስቱ እናቷ ሰዓዳ ጥገና ቤቱ በር ላይ ቆመች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ዱባለ፣ መህዲ ልጁን አደራ ያለው ለማን ነው?»

«ለኔ ነው።»

«እንግዲያው እኔ አልከለክላትም፤ ብከለክላት ትጠላኛለች። አንተ ታውቃለህ።»

ይህን ብላ ሄደች። ሰኞ ደግሞ ልጅቱ መጣችና «ጋሽ ዱባለ፣ እርስዎም ከተዉኝ ማን አለኝ?» አለችው። በሞርሳ እንደተያዘ ብረት ሆነ፤ በዚህም ይጠብቅበታል፣ በዚያም ይጠብቅበታል። በዚያ ላይ የብስክሌቷ ጎማ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቤት ውስጥ እንደቆመ፣ ተንፍሶ ተገኘ። ከመነዳሪውን ባኞ ውስጥ ነክሮ ቢያይ አንዲት አረፋ የለችም። ቫልቮላው ይሆናል ብሎ ቀየረው። በሆዱ ግን «ምልክት ነው» አለ። ብስክሌቱ ራሱ አልሄድም ያለ መሰለው። አልታዘዝ ቢላት፣ ብትሰለች፣ ማንም ሳይከለክላት በራሷ ትተወው ይሆናል። መሰላሉ አፋፍ ስትደርስ ፍሬኑን ትሞክርና ከብስክሌቱ ትወርዳለች፤ ሞኝ አይደለችም፤ እኔም አጠገቧ ቆሜያለሁ። እንዲህ እያለ ነው ብሩጎላውን ያነሣው።

«ጋሽ ዱባለ! አላለቀም እንዴ?» ኢክላስ ሻሿን ከሄልሜቷ ሥር እያስገባች ገባች። «እርስዎ እኮ ብስክሌት አይደለም የሚሠሩት፣ ሙሽራ ነው የሚያስጌጡት!»

«ሙሽራዋ ደርሳለች፤ የዘገየችው ሚዜዋ ናት።»

ብስክሌቱን አወረደችና የፊት ፍሬኑን አንዴ ጨበጥ አደረገችው። ጎንበስ ብላ ቡሎኗን በአውራ ጣቷ ነካች። ጣቷን አየችው። ዱባለ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ሊፈልግ ዞረ።

«ምነው?» አላት ጀርባውን እንደሰጠ።

«ምንም። እንሂድ» አለች።

እሷ በብስክሌት፣ እሱ በታክሲ ሄደው አስኮ ፌርማታው ላይ ተገናኙ። ከዚያ በእግር ነው። መንገዱ ጫካው ሥር ባለው የድንጋይ ማውጫ በኩል ያልፋል፤ እነ ደሜ ዝናብ ሳይሉ ፀሐይ ሳይሉ ድንጋይ ይፈልጡበታል። ደሜ ድጅኖውን ተደግፎ ሲመጡ አያቸው።

«ጋሼ ዱባለ፣ ዛሬም ልጅቱን ሊጥሏት ነው?»

«አፍህን ያዝ፤ እኔ አልጣልኳትም።»

«ባለፈው አገጯን ይዛ ስትወርድ እኮ ድንጋይ የሳመች ነው የምትመስለው።»

«ድንጋዩ ነው የሳመኝ» አለች ኢክላስ።

ሳቁ። «ቶሎ ውረዱ ታዲያ» አለ ደሜ። «ቅዳሜ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሲል ዕቃችንን ሰብስበን ወደ ቤታችን ነን። ከዚያ በኋላ የሚሰማችሁ ጅብ ብቻ ነው።»

ዞሮ በሚወጣው መንገድ ብስክሌቱን እየተቀባበሉ ወጡ። ዱባለ ፍልሰታን እየጾመ ነው፤ ጉልበቱም የድሮ አይደለም፤ በየመታጠፊያው ቆም እያለ ተነፈሰ። እሷ አላቻኮለችውም። በወትሮዋ ስለ መምህሮቿ፣ ስለ ጓደኞቿ ስታወራ ጫካው አይበቃትም ነበር። ያን ቀን ዝም አለች። ጭጋግ ከላይ ይወርዳል። የሚሰማው የጎማው ቲክቲክታ ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ የሚጀምረው «ሳሙና» ብለው በሚጠሩት ቀይ ሸክላ ነው። በበጋ ሰው ይወጣበታል ይወርድበታል፤ በነሐሴ ግን መውረድ እንጂ መውጣት የለም። ኢክላስ የኋላ ፍሬኑን ይዛ ቀስ ብላ ተንሸራተተችና ታች ደረሰች። ዱባለ እንደ ሕፃን በመቀመጫው ወረደ። ታች ጠባብ ሸለቆ ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል፤ መሐሉን ትንሽ ወንዝ ያቋርጠዋል። ከወንዙ ማዶ አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ መሰላሉ ይጀምራል።

«እዚሁ ጠብቂኝ» አላት። «መጀመሪያ እኔ ልሻገርና አጠገቡ ልቁም።»

ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ሁለተኛውን ድንጋይ ሲረግጥ ድንጋዩ ከዳው። እግሩ በሁለት ቋጥኞች መካከል ገባ። ሲወድቅ በቀኝ እጁ መሬቱን ደገፈ። ከሁሉ አስቀድሞ የመጣለት ድምፅ ነው። ጎርፍ ሥሩን የሸረሸረው ትልቁ ቋጥኝ «እህ» እንደሚል ሽማግሌ ዘመም አለና፣ ቀስ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቀመጠ። ሕመሙ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

«ጋሽ ዱባለ!»

«አለሁ። አለሁ፤ አትጩኺ።»

ኢክላስ ውሃው ውስጥ ገባች። ቋጥኙን ገፋችው፤ ግድግዳ እንደመግፋት ነው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥታ ፈለቀቀች፤ ቅርንጫፉ ተሰበረ። ሌላ አመጣች፤ ተሰበረ። እጇን በስንጥቁ አስገብታ የእግሩን ጣቶች በጫማው ላይ ዳሰሰች።

«ያንቀሳቅሷቸው እስኪ።»

«እያንቀሳቀስኩ ነው።»

«ጥሩ። ደሙ ይዘዋወራል፤ አልቆመም» አለች። ድምፁ ከእሷ አንደበት የወጣ አልመሰለውም፤ የነርስ ድምፅ ነበር። ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። የሱን አየች፤ ውሃ ገብቶበታል። ወደ ሳሙናው ሮጠች። ሦስት ጊዜ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ ተንሸራታ ተመለሰች፤ በመጨረሻ ስትመለስ ከሻሿ እስከ ጫማዋ ቀይ ጭቃ ነበረች። በላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነጎድጓዱ ሩቅ ነው። ውሃው ግን ሩቁን ሰምቷል መሰል፣ ሲወድቅ ቁርጭምጭሚቱን ያልደረሰው አሁን እንደተቀመጠ ወገቡን ነክቷል።

ሰዓቷን አየች። «አምስት ሰዓት ከአርባ። በመሰላሉ እወርዳለሁ። እነ ደሜ ጋ ሰባት ደቂቃ ነው።»

«በእግርሽ ሂጂ!» አላት። ሳያስበው ነው የጮኸው።

«በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ሄጄ አገኛለሁ? ማንን? ጅቡን?»

«በእግርሽ ሂጂ አልኩሽ! እጠብቃለሁ።»

«ውሃውን አያዩም እንዴ?»

ያየዋል። ይሰማዋልም። ሳይናገር ቢቀር ልጅቱ በዚያ ፍሬን መሰላሉን ትወርዳለች። ቢናገር ደግሞ ዳግመኛ ምኗ ሊሆን ነው? እግሩን የያዘው ቋጥኝና አንደበቱን የያዘው ነገር ክብደታቸው አንድ ሆነበት።

«የፊት ፍሬኑ...» አለ። «አላልቼዋለሁ። ጧት። ሁለት ዙር።»

«አውቃለሁ» አለች።

ቀና ብሎ አያት።

«ጧት ስይዘው ነው ያወቅሁት። ኩቴክሱ እርጥብ ነበር፤ ጣቴ ላይ ቀርቷል።» አውራ ጣቷን አሳየችው፤ በጭቃው መሐል ትንሽ ቀይ ነገር አለች። «ጋሽ ዱባለ ከነካው የሚያውቀው ነገር አለ አልኩ። ምናልባት ፍሬኑ ባለፈው አጥብቆ ስለያዘኝ ይሆናል፣ እላይ ስንደርስ ይነግሩኛል ብዬ መንገዱን ሁሉ ስጠብቅ ነበር። ምን አስበው ነው?»

«እንድትተዪው።»

«ምኑን?»

«ውድድሩን። ብስክሌቱን። አልታዘዝ ሲልሽ ትሰለቻለሽ ብዬ።»

 ዱባለ የሰውን ዝምታ ማዳመጥ ያውቃል፤ የኢክላስን ግን እስከ መጨረሻው ሊያዳምጠው አልቻለም፤ ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ።

«ብሩጎላውን ይስጡኝ» አለችው።

«ብስክሌቱን አቅርቢው፤ እኔው...»

ቀኝ እጁ አብጦ ጣቶቹ አይታጠፉም። በግራው ከኪሱ አወጣው። ቅዝቃዜው ጣቶቹን አደንዝዟል። ቡሎኗ ላይ ሊያሳርፈው ሲል ብሩጎላው ሸሸና ውሃው ውስጥ ገባ።  ኢክላስ ተንበርክካ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገባች። አሸዋ አወጣች። ጠጠር አወጣች። ከንፈሯ የሆነ ነገር እየደጋገመ ነው፤ ዱባለም የራሱን እየደጋገመ ነው። በሦስተኛው ብሩጎላውን አወጣች፤ አልመለሰችለትም።

«ይንገሩኝ» አለች።

ዱባለ በሕይወቱ የራሱን ቡሎን ለሌላ እጅ ለቅቆ አያውቅም። መህዲ እንኳ አስፈቅዶ ነበር የሚነካው።

«ወደ ቀኝ። ሩብ ዙር።»

ቀይዋ ጠብታ ተሰነጠቀች።

«ጎማውን አሽከርክሪ። ወደ ጆሮዬ አስጠጊልኝ፤ ውሃው ይጮኻል።» ጆሮውን የፊት ሞላው ብረት ላይ ለጠፈ። «ምንም የለም። ሩብ ጨምሪ።... ጨምሪ።... አሁንም።»

ሰባተኛው ሩብ ላይ ብረቱ ውስጥ የሆነች ነገር መጣች፤ ሽር፣ ደግሞ ጥቂት ቆይታ ሽር።

«አሁን ግማሽ ሩብ። ቀስ። የእንቁላል ቅርፊት የያዝሽ ይመስል።»

ሽው። ተኝቶ እንደሚተነፍስ ልጅ።

«በቃ! እዚያ ጋ ተዪው። ጨብጪው።» ጨበጠችው፤ ጎማው ቀጥ አለ። «አሁን ከፊት ጎማው ትንሽ አየር ልቀቂ፤ ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ጎማው ይዘርጋና ይያዘው። በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ እስኪሰጥሽ። እሺ። ኮርቻውን ዝቅ። ሰውነትሽ ወደ ኋላ። ፍሬኑን በአንድ ጣት፤ እንደ ባለፈው እንዳትጨብጪው፤ ጠይቂው እንጂ አትዘዢው።»

«እርስዎ መሰላሉን መቼ ወርደው ያውቃሉ?»

«ወርጄ አላውቅም። ሲወርዱ ሰምቻለሁ።»

ሊስቅ የዳዳው የከንፈሯ ጠርዝ ተመልሶ ተዘጋ። ጃኬቷን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣለችበትና ብስክሌቱን ተሸክማ ተሻገረች። ፊቷን አላዞረችም። «ቢስሚላህ» ስትል ሰማት። ከዚያ የመታጠፊያው ድንጋይ ከዓይኑ ሰወራት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ጆሮው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፤ ዱብ። ሞላው ዋጠው፣ መለሰው። ጥሩ። ሁለተኛው፤ ዱብ፤ የፊት ፍሬኑ ሽ... አለ፤ አልጮኸም፤ አልነከሰም። አንድ ጣት ነው። ሦስተኛው ረጅሙ ነው፤ ባለፈው የበረረችው እሱ ላይ ነው። ድምፅ ጠፋ።  ዱብ! ከኋላው ሌላ ዱብ። ጎማዎቹ በየተራቸው አረፉ። «ተመስገን» ሊል አፉን ሲከፍት አራተኛው ላይ ብረት ድንጋይ መታ፤ ፔዳሉ ነው፤ እሳት የሚያወጣ ዓይነት ምት። ከዚያ ጠጠር ተንሻተተ። ከዚያ አንዳች ከባድ ነገር ቅጠል ላይ ወደቀ። ወይ መሰለው።

ከዚያ ውሃው ብቻ።

«ኢክላስ!»

ሸለቆው ስሟን ወስዶ ሰባብሮ መለሰለት። ዳግመኛ ጠራ። እግሩን ሳበ፤ ሕመሙ ዓይኑን አጨለመበት፤ እግሩ ስንዝር አልተነቃነቀም። በግራ እጁ ቋጥኙን መታው። ከመታጠፊያው ማዶ፣ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ወድቃ ይሆናል፣ እየደማች ይሆናል፣ እሱ እዚህ ተቸንክሯል። ወይም ደኅና ናት፣ እየበረረች ነው። የትኛው እንደሆነ ዓለም ያውቃል፣ ጫካው ያውቃል፤ እሱ ብቻ አያውቅም። ውሃው እምብርቱ ደረሰ።

አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረ። «ፈቃድከ» ላይ ሲደርስ አላለፍ አለው። በዕድሜው ስንት ሺህ ጊዜ ብሎታል፤ ያን ጧት ግን ብሩጎላ ይዞ የራሱን ፈቃድ ነበር ያጠበቀው። ከዚያው ቦታ እየጀመረ ደጋገመው። ያኔ ነው፣ በጸሎቱና በውሃው መካከል፣ የመህዲ ድምፅ የመጣለት፤ ያ ልብ ያላለው ማጉተምተም። ቅዠት ነው ብሎ የተወው።

«ልጄን አደራ፣ ዱባለ። እያደገች ስትሄድ ኮርቻውን ከፍ አድርግላት።»

አራት ዓመት ሙሉ የያዘው የአደራውን ግማሽ ነበር።

ምን ያህል ቆየ? ሰዓት የለውም። ዝናቡ ጀመረ። የእግሩ ጣቶች ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ማወቅ ተሳነው። ውሃው ደረቱ ሥር ሲደርስ ግን ጆሮው አንድ ነገር ለቀመ፤ ብረት ድንጋይ ሲነካ፤ እንደገና፤ እየቀረበ የሚመጣ። ፔዳል አይደለም። ድጅኖ ነው።

«ጋሼ ዱባለ!» የደሜ ድምፅ ነው። «በፍልሰታ ዓሣ ያጠምዳሉ እንዴ?»

ዱባለ ሊመልስለት ፈልጎ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ልጅቱስ?»

«ልጅቱማ ድጅኖውን ተሸክሜ ልሮጥ ስል ብስክሌቷ ላይ ሰቀለችብኝ! ዕቃ ሰብስበን በሩ ላይ ነበርን እኮ፤ ሦስት ደቂቃ ብትዘገይ አበቃ።»

ከኋላው ኢክላስ መጣች፤ ክርኗ ተልጧል፣ አንዱ ጉልበቷ ይደማል። አራተኛው ላይ ወድቃ ነበር፤ ተነሥታ ነው የወረደችው። ደሜና ሁለት ጓደኞቹ ድጅኖአቸውን ከቋጥኙ ሥር ሰክተው «አንድ፣ ሁለት» አሉ። ቋጥኙ እንደመጣው ሁሉ ቀስ ብሎ ተነሣ። ዱባለ ያኔ ነው ያለቀሰው፤ ዝናብ ስለነበረ ማንም አላየበትም።

የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። እግሩ ጀሶ ውስጥ ገባ፤ ስድስት ሳምንት ከወንበር አትነሣ ተባለ። ጥገና ቤቱ በር ላይ እግሩን ሣጥን ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ኢክላስ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየመጣች ጣቶቹን ታያለች፣ መድኃኒቱን ትጠይቃለች፣ «እሺ ጋሽ ዱባለ» ትላለች፣ ትሄዳለች። ቀልድ የለም። ጀሶው እግሩን ይዞታል፣ ያ ዝምታ ደግሞ ሌላውን።

በሦስተኛው ቀን ሰዓዳ የጾም ሾርባ በፔርሙስ ይዛ መጣች። ከመቀመጧ ነገራት፤ ብሩጎላውን፣ ሁለቱን ዙር፣ ኩቴክሱን። አላሳጠረውም።

«አደራ በላ በይኝ» አላት።

ሰዓዳ የፔርሙሱን ክዳን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች።

«ጎማዋ ያለ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ አላልክም?»

«ቫልቮላው ነበር። ቀየርኩት።»

«እኔ ነኝ» አለች። «ቫልቮላውን በሹካ ተጭኜ።»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ። ዱባለ ጀሶው እስኪያመው ሳቀ። ሲጨርሱ ግን ሁለቱም ቀና ብለው አልተያዩም።

«ነግረሻታል?» አላት።

«አንተ ነግረሃት የለ? የኔም ተራ ይደርሳል።»

የውድድሩ ዋዜማ ኢክላስ ብስክሌቷን ይዛ ገባች። ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለችው። ዱባለ እጁን ወደ መሣሪያው ሰደደ።

«አይንኩ» አለችው። «ያዳምጡ።»

ኮርቻውን ራሷ ለካች፤ ከበፊቱ አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረገችው። ሞላውን ተጫነች፣ ለቀቀች። ብሩጎላውን ወሰደች፤ የፊት ፍሬኑን አጠበቀች፣ አላላች፣ አጠበቀች። ጎማውን አሽከረከረችና አየችው። ጆሮው ሥር ያለው አጥንት እንኳ ሳያስፈልገው ሰማው፤ ሸራው ዲስኩን ይነካል፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ።

ዝም ማለት ይችል ነበር። «ትንሽ ይነካል» አለ። «ግማሽ ሩብ ብትመልሺው...»

«አውቃለሁ። እንዲነክስ ነው የምፈልገው። ጣቴ ለምዶታል።»

«ለኔ ጆሮ ጠብቋል።»

«የምወርደው እኔ ነኝ ጋሽ ዱባለ።»

«ልክ ነሽ» አለ።

ከመሳቢያው ኩቴክሱን አውጥታ በቡሎኗ ራስ ላይ ጠብ አደረገችና እፍ አለችበት። ሄልሜቷን አሰረች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ሙሽራዋ ደረሰች» አለች፣ ሳትዞር።

ዱባለ «ሚዜዋም» ሊል ሲል ወጥታ ሄደች። ተነሥቶ ሊያያት ሞከረ፤ ጀሶው አላስነሣውም። ሰዓዳ ከዳቦ ቤቱ በኩል መጥታ ደፉ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እሱ ዓይኑን ጨፈነ። ጎማው ኮብልስቶኑ ላይ ይንደረደራል። ታች መታጠፊያው ጋ ፍሬኑ ያዘ፤ ሁለት ጊዜ ነክሶ ለቀቀ። እሱ ቢያስተካክለው የማያሰማው ድምፅ ነው።

«ሄደች?» አለች ሰዓዳ።

«ቆዪ» አለ። «ገና እየሰማኋት ነው።»